ገመድ ያዥ አይጻፍም

በእኛ ቤት ካርታ ሲጫወቱ አባቴና አጎቴ ሁልጊዜ አንድ ወገን ነበሩ። እኔና አክስቴ ሌላው ወገን። ሌላ አደላደል አይታወቅም። እሁድ ከሰዓት በኋላ አክስቴ የስፌት መኪናዋን ጨርቅ ታለብሳለች፣ የቁርጥራጩን ክምር በእግሯ ወደ ጥግ ትገፋለች፣ ጠረጴዛው ነጻ ይወጣል። ወንዶቹ ግድግዳው ጥግ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። እኛ ደግሞ አልጋው ጠርዝ ላይ ጎን ለጎን እንቀመጣለን። ከዚያ ድምጥማጣችንን ያጠፉታል።

«ያጭበረብራሉ!» ትላለች አክስቴ በየሳምንቱ፣ ካርታዋን እየወረወረች። «እግዜር ያያችኋል!»

«እግዜር ካርታ አይጫወትም እትዬ፣ ይረጋጉ» ይላታል አጎቴ።

እውነቷን ነበር፣ ያጭበረብሩ ነበር። ጠረጴዛው ስር አንዱ የሌላውን እጅጌ ይስባል። አንድ ጊዜ ሳብ ካደረገው «ቆይ» ማለት ነው። ሁለት ጊዜ ከሆነ «አለሁ፣ አይዞህ»። ሦስት ጊዜ ከሆነ «ልቀቅ»፣ ያንን የታቀፍከውን ካርታ ጣለው ማለት ነው። ይህን ቋንቋ ያመጡት ከሥራቸው ነው።

አባቴ የፎቅ መስታወት ጠራጊ ነበር። ወገቡን በሰፊ ቀበቶ ታስሮ፣ ባልዲውን በጎኑ አንጠልጥሎ፣ ከጣሪያ ላይ በገመድ ይወርዳል። ነፋስ ሲኖር ጩኸት አይሰማም፤ ስለዚህ ከላይ ካለው ሰው ጋር የሚነጋገሩት ገመዱን በመሳብ ነው። ከላይ ያለው ሰው አጎቴ ነው፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም። ገመዱ በብረት መዘውር ያልፋል፣ አጎቴ ጫፉን ይዞ ቀስ እያለ ይለቃል፣ ቆይ ሲባል ያቆማል። ሰፈርተኛው አባቴን «ሸረሪቱ» ይለዋል። አጎቴ ደግሞ «የሸረሪቱ ገመድ» ነበር። እኔን «ቁንጫ» ይሉኛል፤ አንድ ቦታ መቀመጥ አልችልም ነበርና።

እናቴ የሞተችው ገና ዳዴ ስል ነው። አጎቴ ለለቅሶ መጥቶ በዚያው ቀረ። የአባቴ ታላቅ እህት ደግሞ «ልጅቷ እስክትጠና» ብላ መጣች፤ ብዙም ሳትቆይ የስፌት መኪናዋን አስመጣች። በዚህ ምክንያት እናት ባይኖረኝም የሚቆጣኝ ሰው አጥቼ አላውቅም።

ካርታ ላይ ለምን ሁልጊዜ አንድ ወገን እንደሚሆኑ አባቴን አንድ ቀን ጠየቅኩት።

«የሥራ ደንብ ነው» አለኝ።

ሊያሞኘኝ መስሎኝ ተናደድኩ። ለካ ሰውዬው የምሩን ነው።

በዚያ ዓመት መሀል ከተማ አዲስ ፎቅ ተሠርቶ አለቀ። ሃያ ደርብ ነው፣ ከላይ እስከ ታች መስታወት። አጎቴ በዚህ ፎቅ አበደ። እስከዚያ የወጣበት ረጅም ጣሪያ ስድስት ደርብ ነበር፤ ከዚያ ላይ እንኳ ሆኖ ማን ቤት ልብስ እንደተሰጣ፣ የማን ድመት የማን ጣሪያ ላይ እንደምትተኛ ይነግረኝ ነበር። ጣሪያ ይወዳል። መሬት ላይ ትከሻውን ሰብሰብ አድርጎ የሚሄድ ሰው ጣሪያ ላይ ሲወጣ ይረዝማል።

«ቁንጫ፣ ከዚያ ላይ ሆነን የዓለምን ጫፍ ነው የምናየው» ይለኛል።

«ጫፉ ላይ ምን አለ?»

«ልውጣና እነግርሻለሁ።»

ሥራውን ያገኘው የነአባቴ ድርጅት ነበር። የፎቁ ባለቤቶች ግን ገመድ ላይ የሚንጠለጠል ሰው ሁሉ የሕይወት ኢንሹራንስ ይግባ አሉ። አንድ ቅዳሜ እንግዲህ የኢንሹራንሱ ሰው፣ ባለ ቦርሳው፣ ቤታችን መጣ።

ባለ ቦርሳው ጫማው የሚያብለጨልጭ፣ ድምፁ የሚለሰልስ ሰውዬ ነበር። ከመግባቱ አክስቴ ሱሪ ስታሳጥርበት የነበረው ወንበር ላይ ቁጭ አለ፣ ከመቀመጡ ደግሞ ብድግ አለ። ወንበሩ ላይ ስፒል ነበር። «ይቅርታ የኔ ጌታ!» እያለች አክስቴ ስፒሎቹን ለቀመች፣ እኔ ሳቄ ሊያመልጠኝ ሲል ጠረጴዛው ስር ቁርጥራጩ ውስጥ ገባሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ የሰማሁት ከዚያ ሆኜ ነው፤ የማየው ጫማ ብቻ ነበር።

«እንግዲህ አያድርገውና እርስዎ አንድ ነገር ቢሆኑ...» አለ ባለ ቦርሳው።

«አያድርገው!» አለች አክስቴ።

«አያድርገው እመቤት። ግን አያድርገውና ቢወድቁ...»

«አያድርገው አልኩ እኮ!»

«እትዬ፣ ሰውየውን አስጨርሺው» አለ አባቴ።

ሰውየው ጨረሰ። አባቴ ከወደቀ ኢንሹራንሱ ጠቀም ያለ ገንዘብ ይከፍላል፤ ገንዘቡን የሚቀበለው ሰው «ተጠቃሚ» ይባላል፤ አባቴ የሚጠበቅበት የዚያን ሰው ስም መናገር ብቻ ነው። እኔ ቁርጥራጩ ውስጥ ሆኜ ነገሩን በራሴ ጭንቅላት ተረጎምኩት። አባቴ ቢወድቅ የሚሸለም ሰው ሊመረጥ ነው። ትምህርት ቤት ቀድሞ የሮጠ ይሸለማል፣ ጥሩ የዘመረ ይሸለማል። አባት ወድቆ የሚሸለሙበት ነገር ግን ሰምቼ አላውቅም ነበር።

«ለልጄ ይሁን» አለ አባቴ።

አልፈልግም ብዬ ልጮህ አፌን ስከፍት ባለ ቦርሳው ቀደመኝ።

«ልጅዎ ገና ትንሽ ናት። ገንዘቡን ተቀብሎ የሚያሳድጋት ትልቅ ሰው ይጻፉ። የሚያምኑትን ሰው።»

«እኔ አለሁ አይደል?» አለች አክስቴ፣ ሳትውል ሳታድር።

ጫማዋን አየሁት፤ ጫፉ ወደ ባለ ቦርሳው ዞሯል። ሾርባዬን እያቀዘቀዘች የምታጠጣኝ አክስቴ! ለካ ሰው አይታመንም። የአባቴ ጫማዎች ከፍ ዝቅ አሉ።

«የአጎቷን ስም ልጻፍ እንጂ» አለ ቆይቶ።

«እኔን እንዳትጽፍ ጋሼ!» አለ አጎቴ።

ያን ጊዜ ወጥቼ ልስመው ምንም አልቀረኝም። በቤቱ ውስጥ አባቴን የሚወደው እሱ ብቻ ነው ማለት ነው። ቀጥሎ ግን እንዲህ አለ፦

«ስሜን ከጻፍክ ገመድህን አልይዝም።»

እንዲህ ያለ ማስፈራሪያ አባቴ ፊት፣ በገዛ ቤቱ! ባለ ቦርሳው ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ ከሚመጣው ሳምንት ወዲያ እስካለው ሰኞ ቅጹን ያላስገባ ሰው አዲሱ ፎቅ ላይ እንደማይወጣ ተናገረና ተሰናበተ። ሲወጣ ከጠረጴዛው ስር ብቅ ብዬ ሳይ አንድ ስፒል ሱሪው ላይ ተሰክቶ ነበር። ማንም አልነገረውም።

እራት ላይ ጭቅጭቁ ቀጠለ። እኔን ከመጋረጃው ወዲያ ሳህን እንዳጥብ ላኩኝ፤ ልጅ መስማት የማይገባውን ነገር ሲያወሩ ሁልጊዜ ሳህኑ ይቆሽሽ ነበር። ውሃው እየተንሿሿ ግማሹ አመለጠኝ።

«እትዬ፣ እንዳትቀየሚኝ» ይላል አባቴ። «አንቺ ጋ መጥቶ ያለቀሰ ሰው ባዶ እጁን አይወጣም።»

«መቼ ነው እንዲህ ያደረግኩት?»

«የጎረቤቷን ልጅ ቀሚስ በነጻ አልሰፋሽም?»

«ልጅቷ አሳዝናኝ ነዋ!»

«ከቀሚሱ ጋር የቁንጫን ጫማ ማን ሰጠ?»

ይህ እንኳ በደንብ ተሰምቶኛል፤ ጫማዬ በተሰጠ ማግስት በጠራራ ፀሐይ የዝናብ ቦቲ አድርጌ ትምህርት ቤት የሄድኩት እኔ ነኝ። አክስቴ አፍንጫዋን ሳበች።

«እውነት ነው» አለች። «እኔ እጅ የገባ ገንዘብ አያድርም። አንዷ መጥታ አይኗን ስታሻሽ ቢያንስ ግማሹ ይሄዳል። ተወኝ በቃ፣ አትጻፈኝ። ግን ሹሩባዋን የምሠራት እኔ ነኝ!»

«ሹሩባውን ማን ከለከለሽ?»

ከዚያ የአጎቴ ድምፅ መጣ፣ ዝቅ ያለ። «ደንቡን ያስተማርከኝ አንተ ነህ ጋሼ። ገመድ ያዥ አይጻፍም። ከታች ያለው ሰው ሲወድቅ የሚጠቀም ሰው ገመድ አይነካም። እኛ እኮ ለካርታ እንኳ ተቃራኒ ሆነን አንቀመጥም።»

«ደንቡ ለባዳ ነው። አንተ ወንድሜ ነህ።»

«አንድ ቀን እጄን ቢያዳልጠኝስ?»

የቀረውን ውሃው ወሰደው። የሰማሁት በቂ ነበር፤ አጎቴ እጄን ያዳልጠኛል እያለ ነው። በመጨረሻ አባቴ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ታዲያ ልጄን ለማን ልተዋት? ንገሩኝ እስቲ፣ ለማን?» አለ። መልስ የሰጠ የለም። እኔን ለማን ሊተወኝ እንዳሰበ አልገባኝም፤ የትም አልሄድም ነበርና።

በሳምንቱ አጋማሽ ትምህርት ቤት ግማሽ ቀን ተለቀቅን። አክስቴ የወንዶቹን ምሳ አስይዛ ባለ ስድስት ደርቡ ፎቅ ሰደደችኝ። ዘበኛው ያውቀኛል። ጣሪያው ላይ የእኔ ቦታ የውሃ ታንከሩ ጥላ ነው፤ አባቴ በቀለም ያሰመረውን መስመር ካለፍኩ ምሳም የለ፣ ጣሪያም የለ። አጎቴ ጀርባውን ሰጥቶኝ መዘውሩ አጠገብ ቆሟል፣ ገመዱን ይዟል። አባቴ አይታይም፤ የሚታየው የተወጠረው ገመድ ብቻ ነው።

ያን ቀን ቦርሳዬ ውስጥ ዝላይ የምጫወትበት ገመድ ነበር። አወጣሁት። በሆዴ እየተሳብኩ እስከ መስመሩ ሄጄ፣ እጄን ብቻ አሻግሬ አንዱን ጫፍ በአጎቴ ቁርጭምጭሚት ላይ አሰርኩ። ሌላውን ጫፍ በታንከሩ የብረት እግር ላይ ጠመጠምኩ። የጫማ ክር ማሰር የቻልኩት በዚያው ሰሞን ነው፤ ባለኝ እውቀት ሁሉ አሰርኩት።

አጎቴ አልተንቀሳቀሰም። አይኑን ከገመዱ ሳያነሳ፣

«ቁንጫ፣ ምን እየሠራሽ ነው?» አለኝ።

«እያሰርኩህ ነው።»

«ለምን?»

«እንዳትለቀው። እንዳትሄድም።»

ከታች ገመዱ ሁለት ጊዜ ሳብ ሳብ አለ፤ አባቴ «አለሁ» ማለቱ ነው። አጎቴም ሁለት ጊዜ ሳብ አድርጎ መለሰለት።

«የታለ፣ ላልቷል እኮ» አለኝ ቀጥሎ። «አጥብቂው።»

አጠበቅኩት። አባቴ ሥራውን ጨርሶ እስኪወጣ ድረስ እግሩን ንቅንቅ አላደረገም። አንድ ጊዜ ብቻ ፊቱን በትከሻው ጠረገ። ምን ሆንክ ስለው ሳሙና አይኔ ገባ አለኝ። አመንኩት። ሳሙናው ያለው ታች ከአባቴ ጋር ባልዲ ውስጥ መሆኑ ትዝ ያለኝ ስንት ዓመት ቆይቶ፣ አንድ ቀን አውቶቡስ እየጠበቅኩ ሳለ ነው።

ሰኞ ሲመጣ ግን ጉድ ፈላ። አጎቴ ጠዋት ከአባቴ ጋር አልወጣም። ሰማያዊ የሥራ ልብስ ለብሶ ብቻውን ሄደ፤ ማታ ሲመለስ ጎማ ጎማ ይሸታል። ጎሚስታ ቤት ተቀጥሯል። የአባቴን ገመድ «ዝምታው» የሚባል፣ ከምራቁ በቀር ምንም ከአፉ የማያወጣ ሰውዬ ያዘው።

አክስቴ ለጎረቤታችን በር ላይ ስታወራ ደግሞ ሌላውን ሰማሁ። «የአጎቷን ስም ጻፈና ነገሩ አለቀ» አለቻት። «እኔም ተገላገልኩ።»

ተመልከቱ እንግዲህ። ስሜን ከጻፍክ ገመድህን አልይዝም ብሎ ነበር። ስሙ ተጻፈ፤ ገመዱንም ለቀቀ። እንዳሰርኩት ፈትቶት ሄደ! ሽልማቱን ይዞ አባቴ እስኪወድቅ ተቀመጠ ማለት ነው። ከዚህ ሌላ ምን ብዬ ልረዳው?

የባሰው ደግሞ ጎሚስታ ቤቱ ነው። በከተማው ስንት ጎሚስታ ቤት ሞልቶ፣ አጎቴ የተቀጠረው አዲሱ ፎቅ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ ነበር። አክስቴ ክር ልትገዛ ይዛኝ ስታልፍ አየሁት። አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ፣ ብሎን መፍቻውን በእጁ እንደያዘ፣ አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ ላይ ላይ ያያል። ሽቅብ ብመለከት አባቴ መስታወቱ ላይ ትንሽ ነጥብ ሆኖ ተንጠልጥሏል። ባለ መኪናው «ወንድም፣ መኪናዬ እዚህ ነው ያለው፣ ሰማይ ላይ አይደለም» ብሎ ይጮህበታል። አጎቴ አልሰማውም። እኔ የአክስቴን ቀሚስ ይዤ አለቀስኩ። ለምን እንደማለቅስ ስላልነገርኳት ከረሜላ ገዛችልኝ።

ከዚያ ወዲያ አጎቴን አላነጋገርኩትም። ሰላም ሲለኝ ግድግዳውን አያለሁ። ሻዩ ውስጥ ጨው ጨመርኩበት፤ እስከ አተላው ጠጣውና «ዛሬ ሻዩ ማን ያፈላው ነው? እጁ ይባረክ» አለ። ሳቄ መጣ፣ ግን ዋጥኩት።

እሁድ ደረሰ። አክስቴ መኪናዋን ጨርቅ አለበሰች፣ ቁርጥራጩን ገፋች። አባቴ አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀመጠና ካርታውን ይበውዝ ጀመር። አጎቴ መጣ። እንደወትሮው አባቴ ጎን የሚቀመጥ መስሎኝ ነበር። አልተቀመጠም። ጠረጴዛውን ዞሮ መጥቶ አክስቴን፣

«እትዬ፣ እስቲ ወደዚያ ይሂዱልኝ» አላት። «ከዛሬ ጀምሮ እኔ የቁንጫ ወገን ነኝ።»

አክስቴ አፏን ከፍታ ቀረች። አባቴ መበወዙን አቆመ። ሁለቱ ወንዶች ጠረጴዛው ላይ ተያዩ፤ ያ አስተያየት ምን እንደነበረ አልገባኝም፣ ለእኔ ጠብ ነው የመሰለኝ። በቃ፣ በግልጽ የአባቴ ተቃራኒ ሆነ፣ የቀረ ነገር የለም አልኩ በሆዴ።

«እንኳን ደህና መጣህ» አለው አባቴ። «አሁን እንግዲህ አልምርህም።»

«ማን ምሕረት ለመነህ?»

እኔ ካርታዬን ደረቴ ላይ ለጥፌ ያዝኩ፤ ለወገኔ እንኳ አላሳይም። ትንሽ እንደተጫወትን ጠረጴዛው ስር እጅጌዬ ሳብ አለ። አንድ ጊዜ። ንጉሡን ልጥል ነበር፣ ተውኩት። ቀጥሎ ሦስት ጊዜ ሳብ አለ፣ ጣልኩት። አባቴ «ኧረ!» አለ። አክስቴ አባቴን በክርኗ ጎሸመችው። ልጅ ነኝና አባቴን ሊጥል ነው ብዬ ያለቀስኩበት ሰው መሆኑን ረስቼ ማሸነፉ ላይ አተኮርኩ። ከመጨረሻው ካርታ በፊት እጅጌዬ ሁለት ጊዜ ሳብ ሳብ አለ። አለሁ፣ አይዞሽ። አሸነፍናቸው፣ እንዴት አድርገን!

«ያጭበረብራሉ!» አለች አክስቴ። ምስኪን፣ በስንት ዓመቷ የአሸናፊዎቹ ወንበር ላይ ተቀምጣ ያን ቀንም ተሸነፈች።

አባቴ አልወደቀም። ይህን አስቀድሜ መናገር ነበረብኝ። እዚያ ፎቅ ላይም ሆነ ሌላ ፎቅ ላይ አንድ ቀን ሳይወድቅ፣ ጉልበቱ ሲያስቸግረው ቀበቶውን ፈትቶ ጡረታ ወጣ። ቀበቶውን በፈታ ጊዜ ኢንሹራንሱም አበቃ፤ ሳንቲም የተቀበለ ሰው የለም። በሕይወቱ የወደቀው አንድ ጊዜ ነው፤ እሱም አምና ወጥ ቤት አምፖል ሲቀይር ከበርጩማ ላይ። አሁን ጉልበቱን እያሸ ቴሌቪዥን ያያል፤ ቴሌቪዥኑን ደግሞ አቧራ ያለበት ይመስለዋል መሰለኝ ሲጠርገው ነው የሚውለው።

እኔም ሥራ ያዝኩ፣ ወለድኩ። ቤቴ ውስጥ ያለነው እኔና ሰባት ዓመት የሞላት ልጄ ነን። ባለፈው ወር መሥሪያ ቤታችን ለሠራተኛው ሁሉ የሕይወት ኢንሹራንስ ገባና ተጠቃሚያችሁን ጻፉ ተባልን። ጎኔ የምትቀመጠው ልጅ «ውይ፣ ማንን ልጻፍ?» ስትል ሁለት ቀን ሙሉ አስጨነቀችን። እኔ ለማሰብ ጊዜ አልፈጀብኝም። ችግር የሆነብኝ የአያቱ ስም ነው፤ አጎቴን በስም ጠርቶት የሚያውቅ ሰው የለማ። አክስቴ ጋ ሄድኩ።

አክስቴ አይኗ ደክሟል፣ መርፌ ክር የማስገባላት እኔ ነኝ። አፏ ግን እንዳለ ነው።

«የአያቱን ስም ለምን ፈለግሽው?»

«ኢንሹራንስ ላይ ልጽፈው ነው።»

እጇን ከጨርቁ ላይ አነሳች። «እንዲህ ነው እንጂ» አለች። «ይገባዋል። ጣሪያውን የተወው ላንቺ አይደል?»

«ማን? ምን ተወ?»

«አንቺ ልጅ፣ እስካሁን አታውቂም እንዴ?»

ያን ማታ ሳህን ሳጥብ ውሃው የወሰደብኝን መለሰችልኝ። አጎቴ እንዲህ ብሎ ነበር፦ «እጄን ቢያዳልጠኝስ? ሰው ምን ይለኛል ብዬ አይደለም ጋሼ። እኔ ለራሴ ምን እላለሁ? በእውነት አዳልጦኝ ነው ወይ እያልኩ ስጠይቅ እስክሞት ልኖር ነው። የእህቴን ልጅስ በየትኛው አይኔ አያታለሁ?» አባቴ ልጄን ለማን ልተዋት ሲል ዝም ያሉት መልስ አጥተው አልነበረም። አጎቴ እያሰበ ነበር። ያን ሳምንት ሙሉ አሰበ። እሁድ ጠዋት አባቴን «ጻፈኝ» አለው። «ነገ ገመዱን ለዝምታው አስረክባለሁ።» አባቴ ለመነው። ፎቁን እኮ ታልም ነበር፣ እንዴት ትተወዋለህ አለው። «ፎቅ ሞልቷል» ብሎ መለሰለት።

«ጎሚስታ ቤቱን ደግሞ የመረጠው ገመዱን ለማየት ነበር» አለችኝ አክስቴ። «በዝምታው ሙሉ በሙሉ አልተማመነም። ላይ ላይ ሲያይ ስንቴ ጣቱን ቀጥቅጧል መሰለሽ። እዚያ ፎቅ ላይ ግን አንድ ቀን አልወጣም። ለማየት እንኳ። የመጨረሻ ግትር ነው!»

እኔ ለስብሰባ አንድ ጊዜ ወጥቻለሁ። ከላይ የሚታየው የሌሎች ፎቆች የውሃ ታንከር ነው። ጣሪያ የሚወድ ሰው፣ ሊያውም በጉብዝናው፣ የዓለምን ጫፍ ትቶ ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ አቀርቅሮ ብሎን ፈታ። ያውም ላልደረሰ ነገር! ክርና መርፌውን አክስቴ ጭን ላይ ትቼ ተነሳሁ። እያለቀስኩ እንደሆነ ያወቅኩት አክስቴ መሳቢያዋን ከፍታ የሚሰጠኝ ነገር ስትፈልግ ነው።

ጎሚስታ ቤቱ አሁን የራሱ ነው። ስደርስ የተነፋ ላስቲክ ገንዳ ውስጥ ነክሮ አረፋው በየት እንደሚወጣ ይፈልግ ነበር። እጁ እስከ ክርኑ ውሃ ውስጥ ነው። ጸጉሩ ሸብቷል። ልጄ አንድ ጎማ ላይ ተቀምጣ እግሯን ታወዛውዛለች፤ ከትምህርት ቤት የሚያመጣት እሱ ነው፣ እዚያው የቤት ሥራዋን ትሠራለች።

«አጎቴ» አልኩት። «መሥሪያ ቤት ኢንሹራንስ ገባን። ስምህን ጻፍኩት።»

ላስቲኩን ማዞሩን ተወ። ውሃው ረጋ። ከአንድ ቦታ ትንንሽ አረፋ ይወጣል፣ ግን አላየውም። አየኝ፣ ቀጥሎ ልጄን አየ፣ ከዚያ እንደገና እኔን።

«እና አሁን ደግሞ ምን ልተው?» አለኝ።

ልስቅ አፌን ከፍቼ ሌላ ነገር ወጣኝ። እንደ ልጅ አለቀስኩ። ልጄ እርሳሷን ጥላ ቆመች።

«ምንም አትተው» አልኩት ድምፄ ሲመለስ። «እኔ እኮ የቢሮ ሠራተኛ ነኝ። ገመድ ላይ አይደለሁም። ማንም ገመድ አልያዘልኝም።»

«ማን ነገረሽ?» አለኝ።

ከዚያ እጁን ከገንዳው አውጥቶ፣ ውሃው እየተንጠባጠበ፣ እጅጌዬን ሁለት ጊዜ ሳብ ሳብ አደረገው። ነጭ ሸሚዝ ነበር የለበስኩት። የጎማው ጥላሸት እስካሁን አልለቀቀም።